የቀን እንቅልፍ

«ለእማዬ ትንፍሽ ብትይ ዓይንሽን ማየት አልፈልግም!»

«እኔስ ዝም እላለሁ። ግን እስከ መቼ ነው?»

እናት ይህን የሰማችው ከዓመታት በፊት፣ ልብስ ስታጥብ፣ ከግድግዳው ወዲያ ነው። ቀሪውን የቧንቧው ውኃ በላው። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ነርሷ ልጇ ነበረች። ሌላዋ የሥራ ባልደረባዋ፣ ከቅጥነቷ የተነሣ ልጇ «ሽቦ» የምትላት ነርስ። ያኔ እናት «የወንድ ነገር ይሆናል» ብላ አለፈችው። ልጇ ሥራ ላይ ወድቃ ከተቀበረች ወዲህ ግን ያ ንግግር እንደ እሾህ ይወጋታል።

ሽቦ ዛሬም ለቅሶ መጥታ ጥግ ይዛለች። አታለቅስም። ሲያናግሯት ዘግይታ ትመልሳለች። አሁን ደግሞ አገጯ ደረቷ ላይ ወድቋል።

«ይቺ ለቅሶ ደራሽ ናት እንቅልፍ ደራሽ?» አለች ጎረቤት ጠጋ ብላ። «እኔን ካልሽ የውሸቷን ነው። ዓይንሽን ፈርታ ነው።»

እናት በልቧ «ጌታዬ፣ ሰው ከማማት ሰውረኝ» አለች፤ ግን አላስቻላትም። ሽቦን በክንዷ ይዛ የልጇ መኝታ ክፍል አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«ምን ነበር የምትደብቁኝ? መድኃኒት ትሰጫት ነበር?»

«እማማ፣ ይተዉት…»

«በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ!»

«ምነው መድኃኒቱን በወሰደችልኝ! ደም ግፊት ነበረባት። የለካኋት እኔ ነኝ። ሐኪሙ የአዳር ሥራ ይቅርብሽ አላት፤ አሻፈረኝ አለች።»

«ስለ ምን?»

ሽቦ ወለሉን አየች። «ቀን ሥራ ከገባሁ እማዬ ምሳ ብቻዋን አይወርድላትም፣ ብላ።»

እናት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ልጇ ጠዋት ዓይኗ ደም መስሎ ትገባለች፤ መጋረጃ ጋርዳ ትተኛለች። ምሳ ሲደርስ በሩን የምታንኳኳው ማን ነበር? «ተነሺ እንጂ፣ ሊበርድብሽ ነው!» ልጅቷም እየተደነቃቀፈች ትወጣና «እንቅልፍ ጠግቤያለሁ እኮ» ትላለች። እናት ለጎረቤት «ልጄ ቀን ቀን ከአጠገቤ አትጠፋም» እያለች ትኩራራ ነበር።

ቀና አለች። እንደገና ሽቦን በጥርጣሬ አየቻት፤ የአሁኑ ግን ሌላ ነበር።

«ትናንት የት አደርሽ?»

«አዳር ገብቼ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«የእሷን ተራ የሚሸፍን ሰው ጠፋ፣ እማማ።»

«አንቺንስ ማን ለካሽ?»

«እኔ ደኅና ነኝ።»

«እሷም ደኅና ነበረች!»

እናት ጎንበስ ብላ የሽቦን ጫማ ማሰሪያ ያዘች። ሽቦ «ኧረ ነውር ነው!» ብላ እግሯን ሰበሰበች። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ከጫማው አፍ ወጥቷል። እናት ማሰሪያውን አልለቀቀችም።

በመጨረሻ ሽቦ ስልኳን አውጥታ አለቃዋ ጋ ደወለች። «ዛሬ ማታ አልገባም። ነገም ሐኪም ጋ ነኝ፤ ለራሴ» አለች። ከዚያ እግሯን ዘረጋችላት።