ፊቷን ወደ ታች

ድንጋይ ጠራቢው ሚስቱ በወሊድ ስትሞትበት፣ በር በሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ የእመቤታችንን ምስል ቀርጾ አደባባዩ ላይ አቆመ። የምስሉን ፊት ግን ከሚስቱ ወሰደ። ቄሱ አይተው እንዳላዩ አለፉት። በዚያ ወሊድ የተረፈችው ልጅ፣ የዛሬዋ ልብስ ሰፊ፣ እናቷን የምታውቀው በዚያ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ ፎቶ የለ፣ ምን የለ።

አባትየው ከሞተ በኋላ አደባባዩ ለአውቶቡስ ማቆሚያ ተፈለገ። ድንጋዩ ለጊዜው ይነሣ ተባለ። ለጊዜው የተባለ ነገር ደግሞ ዕድሜው ረጅም ነው። ማዘጋጃ ቤቱ የቦይ መሻገሪያ አደረገው። ያጋደመው የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም፣ ግንበኛው፣ ነበር፤ እንጀራው ነውና እምቢ አላለም። ግን "የእናቴ ፊት በጫማ አይረገጥም" ብሎ ምስሉን ወደ ታች ገለበጠው። ከተማው አመሰገነው፤ እሷም መረቀችው። ያም ሆኖ ቦዩን ዘላ ታልፋለች እንጂ ድንጋዩን ረግጣ አታውቅም።

ሁለቱም ከሸበቱ በኋላ የአውቶቡስ ማቆሚያው ከከተማ ወጣ፤ ድንጋዩም ወደ ቦታው ይመለስ ተባለ። ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ዘግታ መጣች። ወንድሟ ከሠራተኞቹ ጋር በዲጂኖ እየፈነቀለ ነበር።

"ዞር በይ እህት ዓለም፣ ትወድቅብሻለች።"

"እሷ በእኔ ሞታለች ጋሼ፤ እኔ በሷ ብሞት ምን አለበት?"

ሠራተኞቹ ሳቁ። ድንጋዩ ተገለበጠ።

ያ ሁሉ ጫማ የረገጠው ጀርባ ለስልሶ ያበራል እንጂ አልተጎዳም። ፊት ግን የለም። የቦዩ እጣቢና አሸዋ ከሥር ሲልሰው ኖሮ ዓይኑንም አፍንጫውንም በልቶታል። ተንበርክካ ዳሰሰችው። እጇ የያዘው ዝቃጭ ብቻ ነው።

"አይዟችሁ" አለ የአሠሪ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ "በሲሚንቶ ፊት እናወጣላታለን።"

"የማንን ፊት?"

"ያው የሴት ፊት ነዋ!"

ወደ ወንድሟ ዞረች። "ስትሞት ነፍስ አውቀህ ነበር። አንተ ሥራት።"

ግንበኛው መሮውን አነሣ። ድንጋዩን ብዙ አየው። መሮውን መልሶ አስቀመጠ።

"አልመጣልህ አለኝ።"

"ምኑ?"

"ፊቷ። ለካ ሳስታውስ የኖርኩት ይሄንኑ ድንጋይ ነው።"

"በጫማ ብትረገጥ ይሻል ነበር" አለችው።

ወደ ሱቋ ስትመለስ ቦዩ ላይ በድንጋዩ ፈንታ አዲስ ጣውላ ተጋድሟል። እንደ ልማዷ ልትዘል እግሯን አነሣችና ተወችው። ረግጣው ተሻገረች።