ለማሽን የማይሰጥ ረድፍ

እኔ ወይን የምለቅመው በማሽን ነው። ማሽኔ እግሩን አንፈራጦ ከረድፉ በላይ ይሄዳል፤ ሠላሳ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚለፋበትን በአንድ ጠዋት እጨርሳለሁ። ከጋሮን ወንዝ እስከ ዶርዶኝ ወንዝ የማይፈልገኝ ገበሬ የለም፤ የሚወደኝም የለም። ግድ የለኝም።

ማዳም ላርቲግ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። ሶቪኞን የሚባለውን የወይን ዘር ቀደም ብዬ ለቅሜላቸው ነበር፤ ያን ቀን የሄድኩት ሴሚዮን ለሚባለው ነው። ነጭ ወይናቸው የሁለቱ ቅልቅል ነው።

«ሶቪኞን ብቻውን ሲሆን ይጮኻል፤ ሴሚዮን ብቻውን ሲሆን ያንቀላፋል» አሉኝ ገና ስደርስ። «ሰውም እንደዚያው ነው። አንተን አታይም? ስትጮህ ትውላለህ።»

«የሚጮኸው ማሽኑ ነው፣ ማዳም።»

«ልዩነት አላችሁ እንዴ?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን በቤቱ በኩል ወዳለችው የዳር ረድፍ ጠቆሙኝ። «ያቺን እንዳትነካብኝ። በእጅ ነው የምትለቀም።»

«ማን ሊለቅማት?»

«ለቃሚዎቼ ናቸዋ!»

«ኧረ ማዳም፣ እዚህ ደጅ ለቃሚ ከረገጠ ስንት ዘመኑ!»

«ይመጣሉ አልኩህ። ድስቱን ጥጃለሁ። አንተም ምሳ ሳትበላ ንቅንቅ እንዳትል።»

«ዝናብ እየመጣ ነው፤ ሌላ ማሳ ይጠብቀኛል።»

«አንተማ ምን አለብህ፣ የሚጠብቅህ አታጣም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

የለቀማ ማብቂያ ማዕድ በኛ አገር ትልቅ ነገር ነበር። ለቃሚዎቹ ከመጨረሻዋ ረድፍ ሐረግ ቆርጠው፣ ከአበባ ጋር አስረው የባለቤቲቱን በር ያንኳኳሉ። እሷም እንዳላወቀች ሆና፣ ደንገጥ ብላ ትከፍታለች። ከዚያ መብላትና መጠጣት፣ ዘፈንና ጭፈራ ነው። እኔ ከነማሽኔ ስመጣ ይሄ ሁሉ ቀረ።

ሥራዬን ጨርሼ ማሽኑን ሳጥብ፣ ማዳም ቅርጫት አንጠልጥለው ያቺን ረድፍ ብቻቸውን ይለቅማሉ። ተሰናብቼ ዳገቱን ስወጣ ግን ዘወር አልኩ፤ ከማሽኑ ላይ ሆነው ሲያዩ የማይታይ ነገር የለም።

ሐረጉን ከዳህሊያ አበባ ጋር አስረው በራሳቸው በር ቆሙ። አንኳኩ። እቅፉን ደፉ ላይ አኑረው፣ በማይታዘዝላቸው ጉልበት በጓሮ ዞረው ገቡ። ትንሽ ቆይቶ የፊት ለፊቱ በር ተከፈተ። ማዳም ላርቲግ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ደንገጥ ብለው ቆመዋል።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ሞተሩን አጥፍቼ በእግሬ ቁልቁል ወረድኩና አንኳኳሁ።

«ምን ረሳህ?»

«ምሳ ብለውኝ አልነበር?»

መጀመሪያ እኔን አዩኝ፤ ቀጥሎ ዳገቱ ላይ የተገተረውን ማሽን አዩ። ከዚያ ላይ ምን ምን እንደሚታይ ሲገባቸው ፊታቸው ቀላ።

«አረፈድክ፣ ልጄ» አሉ። «ሁሉም በልተው ሄዱ።»

ከትከሻቸው ኋላ ረጅሙ ገበታ ይታየኛል። ሳህኖቹ ሳይነኩ በአፋቸው እንደተደፉ ናቸው፤ ከድስቱ ገና እንፋሎት ይወጣል።

«ጠግበው ሄዱ?»

«ጠግበው!» አሉና በሩን ዘጉት።