የልጇ ከረጢት

መርፌው የወጋት ከጓንቱ በላይ፣ ክንዷ ላይ ነው።

«ውይ!» አለችና ከረጢቱን ለቀቀችው። ቢጫው ከረጢት መሬት ላይ ዱብ አለ። ከጎኑ የመርፌ ጫፍ ብቅ ብሏል፤ ክንዷ ላይ ደግሞ አንዲት የደም ጠብታ አለች። ማቃጠያው ከጀርባዋ ያጉረመርማል።

በሆስፒታሉ ግቢ ሁሉም ሰው «እትዬ እሳት» ነው የሚላት። ከየክፍሉ በቢጫ ከረጢት ታስሮ የሚመጣውን፣ ደም የነካውን ፋሻና ጥጥ፣ ያገለገለውን ጓንት፣ የቱቦውን ቁራጭ፣ ሁሉንም አመድ የምታደርገው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን ስትሠራ መርፌ ወግቷት አያውቅም። ከረጢት በአንገቱ ይያዛል፣ ከሰውነት ይርቃል፤ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ይህንኑ እየደጋገመች ጆሮውን ታደነቁረዋለች። ታዲያ ዛሬ ምን ነካት?

የነካትማ ፍቅር ነው። በየከረጢቱ አንገት ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ፕላስተሩ ላይ የክፍሉ ስምና ከረጢቱን የቋጠረው ሰው ስም ይጻፋል። በዛሬው ላይ የነበረው የልጇ ስም ነው። ልጇ ነርስ ሆና እዚሁ ሆስፒታል ተቀጥራለች፤ ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። እትዬ እሳት ያን የእጅ ጽሑፍ ባየች ቁጥር ጥርሷ አይከደንም። የሌላውን ሁሉ አርቃ ስትይዝ ውላ፣ የልጇን ግን ሳታስበው እንደ ሕፃን አቀፈችው። ቆሻሻ ይታቀፋል? የእናት ነገር!

መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ክንዷ አይደለም። «ልጄን ሊያባርሩብኝ ነው» ነው ያለችው። ያገለገለ መርፌ ለብቻው በተዘጋጀው ጠንካራ ካርቶን፣ ሴፍቲ ቦክስ በሚሉት ውስጥ ይገባል እንጂ ቢጫ ከረጢት ውስጥ አይገባም። በሙከራ ላይ ያለች ነርስ እዚህ ላይ ከሳተች የሚያዝንላት የለም። ዞር ዞር ብላ አየች፤ ሰው የለም። ፕላስተሩን ላጥ አድርጋ እሳቱ ውስጥ ወረወረችው። መርፌውን በጉጠት ነቅላ ሴፍቲ ቦክሱ ውስጥ ከተተች፣ ከረጢቱንም ከፕላስተሩ አስከተለችው።

ስለ ክንዷ ያሰበችው ከዚያ በኋላ ነው። ክንዷን በሳሙና ታጥባ ወደ ሐኪሙ ሄደች።

«ከየትኛው ክፍል የመጣ ነው እትዬ?» አለ ሐኪሙ፣ ክንዷን እያየ።

«አላየሁም ዶክተር።»

«ፕላስተር አልነበረበትም?»

«እኔ እንጃ… ያለበትም አልመሰለኝ።»

ሐኪሙ ቀና ብሎ አያት። ወጣት ነው፤ ግን እናቱ የምትሆን ሴት አስጨንቆ መጠየቅ አልሆነለትም። «የማን መርፌ እንደሆነ ቢታወቅ በሽተኛውን መርምሬ ዛሬውኑ እርስዎንም አሳርፍዎት ነበር። ካልታወቀ ግን የከፋውን አስበን ነው የምንነሳው። ይህን መድኃኒት አንድ ወር ይወስዳሉ። ጠንከር ያለ ነው፣ ያቅለሸልሻል። ደምዎን ዛሬ እናያለን፤ ቆይተንም እንደግመዋለን።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ መጠበቅ ነው።»

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አገላበጠችው። ፈራች። ልጇን ሳትድር፣ የልጅ ልጅ ሳትስም የምትሞት መሰላት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እንዲያም ሆኖ አሁንም «ተናገሪ» ቢሏት አትናገርም።

ከረጢቶቹን በጋሪ የሚያመላልሰው ሰውዬ ግን ወሬ ሆዱ ውስጥ አያድርም። «እናትሽን መርፌ ወጋት እኮ!» ብሎ ለልጅቷ አደረሰላት። እሷም ነጭ ጋውኗን እያርገበገበች በሩጫ መጣች።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ትንሽ ጫር አደረገችኝ። ሂጂ ወደ ሥራሽ፣ ይፈልጉሻል።»

«ምን ዓይነት መርፌ ነው?»

«መርፌ መርፌ ነው፤ ደግሞ ምን ዓይነት ይኖረዋል?»

«በሞቴ እማዬ! ቀጭን ነው ወፍራም? መሰኪያው ምን ቀለም ነው?»

«ወፍራም። ሮዝ።»

ልጅቷ ክው አለች። «ፕላስተሩ ላይ የማን ስም ነበር?»

«አልነበረበትም።»

«እኔ ነኝ አይደል?»

እትዬ እሳት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ውሸት ለምዳ አታውቅም፤ በተለይ ለዚህች ልጅ።

ልጅቷ እናቷ ጉልበት ሥር ቁጢጥ ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ እያለቀሰችም ሳቀች። «ውይ፣ አበደችብኝ!» አለች እናት።

«እማዬ፣ ሰው አልነካም! መድኃኒት ማዘጋጃ ክፍል የቋጠርኩት ከረጢት ነው። የዱቄት መድኃኒት በውሃ ያሟሟሁበት መርፌ ነው። ከብልቃጥ ብልቃጥ ዞረ እንጂ የሰው ገላ አላየም! ሴፍቲ ቦክሱ ሞልቶብኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ በሽተኛ ሲጣራ ከማሸጊያው ወረቀት ጋር አብሬ ጠረግኩት መሰለኝ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እማዬ ትሙት!»

«ዛሬስ በሌላ ማይ፣ በእኔ ይቅርብሽ!»

ሁለቱም ሳቃቸውን ለቀቁት። የእትዬ እሳት አንጀት ቅቤ ጠጣ። የልጇን እንባ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችላት።

«በይ እንግዲህ፣ ነገሩ ከእኔና ከአንቺ አይውጣ» አለች ቀስ ብላ።

«መድኃኒቱስ?»

«እውጠዋለኋ! ወር ምን አላት?»

«በእኔ ጥፋት ወር ሙሉ ሲያስመልስሽ ቁጭ ብዬ ልይ?»

«እንጀራሽ ቢቋረጥስ? አፈር ስሆን ልጄ፣ ተይው!»

ልጅቷ ተነስታ የሐኪሙን በር አንኳኳች፤ እናቷም ተከትላት ገባች።

ሐኪሙ የነርሶቹን አለቃ፣ ሜትሮኗን አስጠራት። ሜትሮኗ ስትቆጣ ድምጿ ከፍ አይልም፤ ሰው የሚፈራትም ለዚሁ ነው። ልጅቷን እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ማዘጋጃ ክፍሉንም በዓይኗ አይታ ተመለሰች።

«ልክ ናት» አለች ለሐኪሙ። «እዚያ ክፍል በሽተኛ አይገባም። በሮዙ መርፌ እናሟሟበታለን እንጂ ሰው አንወጋበትም። ከዚያ ክፍል ዛሬ የወጣውም ይህ አንድ ከረጢት ብቻ ነው።»

ሐኪሙ ብልቃጡን ከእትዬ እሳት እጅ ተቀበላት። «ይህ አያስፈልግዎትም። ደምዎን ለልብዎ ያህል እናየዋለን። አሁን እፎይ ይበሉ።»

«እፎይ!» አለች የእውነቷን፣ ቤቱን በሚሞላ ድምፅ። ሐኪሙ ሳቅ አመለጠው።

ሜትሮኗ ግን አልሳቀችም። ወደ ልጅቷ ዞረች። «የመርፌው ስህተት ነው። ራስሽ መጥተሽ ስለተናገርሽ በማስጠንቀቂያ አልፈዋለሁ። ከረጢቱ ፕላስተር አልነበረበትም የተባለውስ? እሱ ስህተት አይደለም፤ መደበቅ ነው። የሚደብቅ ሰው እኔ ጋ አይሠራም።»

ልጅቷ ወደ እናቷ አየች። እንደለጠፈችው ታውቃለች፤ የት እንደገባም አሁን ገባት። አንገቷን ደፋች።

«ረስቼው ነው» አለች።

እትዬ እሳት ልጇን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ከየክፍሉ የመጣው ሁሉ ስሙ ተነቦ፣ ተመዝግቦ ነው ማቃጠያው ውስጥ የሚገባው፤ ያን ሥራ አምነው የሰጧት ለእሷ ነው። ስሙን ራሷ እሳት ውስጥ ጨምራዋለች ቢባል ማን ደግሞ ያምናታል? የማቃጠያውን ቁልፍ ሊቀሟት ይችላሉ። ጡረታዋም ገና ነው። ዝም ብትል ግን ልጅቷ ያልሠራችውን ተሸክማ ልትወጣ ነው።

«አልረሳችም» አለች። «ስሟንም ክፍሉንም ጽፋ ለጥፋ ነበር። ልጬ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እንዳላየሁ ሆኜ ለዶክተር የዋሸሁትም እኔው ነኝ። በእኔ ስም ይጻፉት።»

ወንበር ስባ ከልጇ ጎን ተቀመጠች።