ሁለተኛው ብርሃን ይቅደም

ሜርል ቁልፉን ለአስራ አንደኛ ጊዜ ተጫነች።

"ከመቶ አስራ አራት" አለ ተማሪዋ ቴቪታ። "ትናንት አስራ ሦስት ነበር። በዚህ አካሄዳችን ለገና ሃያ እንገባለን።"

"ጻፈው። ሰዓቱንም።"

በሆባርት ከተማ ባለው በዚያ የምድር ቤት ቤተ ሙከራ መዝገብ የሚጻፈው በቀለም ነው፤ አይሰረዝም፣ ያለ ሰዓትም አይጻፍም። ሜርል ለሃያ ሁለት ዓመት ሰዓት የጎደለው መስመር አሳልፋ አታውቅም።

ሥራቸው አተሞችን ከታችኛው ደረጃ ወደ ሦስተኛው ማውጣት ነው። መካከለኛው ደረጃ እንደበሰበሰ እንጨት ነው፤ የረገጠው ሁሉ ይወድቃል። ስለዚህ ነገሩ ከኋላ ወደ ፊት ይሠራል፦ መጀመሪያ ላይኞቹን ሁለት ደረጃዎች የሚያገናኘው ብርሃን ይበራል፤ እሱ ሳይጠፋ የታችኛው ይከተላል። ያኔ አተሙ መካከለኛውን ሳይረግጥ ላይ ይገኛል። ሜርል ይህን በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች። አተሞቹ ግን ሦስት ወር ሙሉ ይወድቃሉ። ከቀድሞ ባልደረባዋ ከክላይቭ ጋር የገነባችው የሙከራ ጠረጴዛ ደግሞ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይፈርሳል፤ ክፍሉ ለሌላ ተሰጥቷል።

ስልኳ ጮኸ። ክላይቭ ነው፣ ከሆስፒታል አልጋው።

"ሜርል፣ ወጡልሽ?"

"አልወጡም። እንዴት አደርክ?"

"ነርሷ የሞትኩ መስሏት አንሶላውን እስከ ግንባሬ ሳበችው። ሻይ ስጠይቃት ልትወድቅ ነበር። ስሚኝማ፤ ሁለቱን ብርሃኖች የሚያበሩትን ገመዶች መለያ ወረቀት ያቀያየርኩት እኔ ነኝ። ከሦስት ወር በፊት፣ ጡረታ የወጣሁ ዕለት። በማግስቱ ደርሰሽበት ስትሰድቢኝ ልስቅ ብዬ ነበር። ከዚያ ታመምኩና ረሳሁት።"

ሜርል ሳቀች። "አምና መስተዋቶቹ ተገልብጠዋል ብለህ ሁለት ቀን አስፈትተኸኛል።"

"ያ ቀልድ ነበር።"

"ይሄስ?"

ረጅም ሳል ሳለ። "ይሄ እንኳን እውነት ነው።"

"ዓሣ ላይ ተቀምጬ ከባሕር ተመለስኩ የሚል ሰው እውነት። ገመድ ፈትቶ መልሶ ማስተካከል ሁለት ሰዓት ይበላል ክላይቭ፤ ዛሬ የሚባክን ሰዓት የለኝም። ከምሳ በኋላ እደውልልሃለሁ።"

"እሺ። ሻዬ ቀዘቀዘ" አለና ዘጋ።

የብርሃኑን ጉልበት ጨመረች፣ ቀነሰች። አስራ ሦስት። አስራ አምስት። ምሳ ተረሳ፣ ስልኩም ተረሳ። ስምንት ሰዓት ሲሆን የሚሞከር ነገር አለቀ። ሄዳ የአንዱን ገመድ ወረቀት በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ ሌላ ወረቀት አለ፤ በክላይቭ ጎርባጣ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

"ደረስሽበት?"

ሜርል ያንንም ላጠችው። ገመዶቹን ፈትታ አቀያየረቻቸው። አስር ሰዓት ላይ ቁልፉን ተጫነች።

"ዘጠና ሦስት" አለ ቴቪታ። ቀልድ አልጨመረበትም።

ሜርል ወደ ክላይቭ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው ልጁ ሮስሊን ነበረች።

"አክስቴ ሜርል... አባዬ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አረፈ። ልደውልልሽ እያልኩ ጉልበት አጣሁ።"

ሜርል አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

"ጠዋት ግን ደስ ብሎት ነበር" አለች ሮስሊን። "ሜርል ደውላ ሰደበችኝ፣ ከመቶ ዘጠና ገቡ እያለ ነርሶቹን ሁሉ አሰለቻቸው። እንደምታውቂው ነው፤ እውነቱን ነው ወይስ እንደ ዓሣው ነው?"

ሜርል መዳፏ ላይ የተጣበቀውን ወረቀት አየች።

"እውነቱን ነው። ዘጠና ሦስት ነው የገቡት።"

"ሰደብሽው ታዲያ?"

"አጥብቄ ነዋ የሰደብኩት።"

ሮስሊን እያለቀሰች ሳቀች።

ስልኩ ሲዘጋ ቴቪታ መዝገቡን ከፍቶ፣ ብዕሩን ይዞ ቆሟል። "ሰዓቱን አስር ልበል?"

ሜርል ብዕሩን ተቀበለችው። ዘጠና ሦስት ብላ ጻፈች፤ ከጎኑ የክላይቭን ስም። የሰዓቱን ቦታ ባዶውን ትታ መዝገቡን ዘጋችው።