ባዶ የዞረው እጀታ

የሰፈሩ ሰው ሜካኒኩን አባ መርፌ ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው የሞተር ትንፋሽ ከሚለኩበት ጌጅ ነው። ሌላው ሜካኒክ ድምፁን አዳምጦ፣ ጭሱን አሽትቶ ይፈርዳል። እሳቸው ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ይፈቱና ጌጁን በቦታው ያስራሉ፤ ሞተሩን በእግር እየረገጡ መርፌው የት እንደሚቆም ያያሉ። ከፍ ካለ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ዝቅ ካለ የታመቀው አየር በአንድ በኩል ያመልጣል። "እኔ አልናገርም፤ መርፌው ይናገር" ይላሉ። ጌጁን ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም። ሚስታቸው አንድ ጊዜ አቧራውን ልትጠርግለት ብላ ነክታው፣ ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈዋል።

ጠዋት የልጃቸው ባል ሞተር ሳይክሉን እየገፋ መጣ። ሞተሩ እሳቸው ራሳቸው ዕድሜያቸውን የነዱት አሮጌ ነው። ልጃቸው ስታገባ ለባሏ ሰጡት፤ እሱም ለየሱቁ ዳቦ እያደረሰበት ቤቱን ያስተዳድራል። አሁን ግን ማርሚታው፣ ማለት ጭሱ የሚወጣበት ቱቦ፣ ሥሩ ላይ እንደ ፍም እየቀላ አስቸግሮታል። ዳገት ሲወጣማ አጠገቡ እግር አያስቀምጥም። ሱሪው ተለብልቧል።

አባ መርፌ መቀመጫውንና ታንከሩን አወረዱ። ከእጀታው የሚወርደውን የጋዙን ሽቦ ነቅለው፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ከቦታው ሳያወርዱ ከፍተው አጸዱና መልሰው ዘጉት። በዚህ መሀል ጎረቤታቸው መለዋወጫ ሻጩ መጣ። አጭርና ድፍን ያለ ሰው ስለሆነ ብሎን ይሉታል፤ ወሬ ሳይዝ አይመጣም። ከጎኑ ያለው በያጅም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተከተለው። ወሬው ደራ። አባ መርፌ አንድ ጆሯቸውን ለወሬው ሰጥተው ጌጁን አሰሩና ዳቦ አድራሹን አማቻቸውን የጋዙን እጀታ እስከ መጨረሻው አዙሮ እንዲይዝ አዘዙት። ይህ የሥራው ሕግ ነው። የካርቡራተሩ በር ካልተከፈተ ሞተሩ የሚያምቀው አየር አያገኝም፤ መርፌውም ይዋሻል።

ዳቦ አድራሹ አዞረ። እጁን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ እሳቸውን አየ።

"ምን ታየኛለህ? ያዝ" አሉት።

ያዘ። እሳቸው ረገጡ። መርፌው ግማሽ ሳይደርስ ቆመ። ደግመው ረገጡ፤ እዚያው ቆመ።

ደማቸው ፈላ። ያለ ዘይት ነድቶ ፒስተኑን እንዳስበላው በሰው ፊት ነገሩት። በእሳቸው እጅ አንድ ቀን አስሎት የማያውቅ ሞተር እሱ ጋ ሄዶ ትንፋሽ አጠረው አሉ። ይህ ሳይበቃቸው፣ ዕቃ መያዝ ያላወቀ ሰው ልጄን እንዴት እንደያዛት እግዜር ይወቅ አሉ። ብሎን ዳቦውንስ ሳያሳርር ያደርስ ይሆን ወይ ብሎ ሳቀ። በያጁም ሳቀ። ዳቦ አድራሹ አንገቱን ደፋ። አባ መርፌ ሞተሩ እዚሁ እንደሚቀር፣ ከእንግዲህም እጁ እንደማይገባ ቁርጡን ነገሩት።

"እሺ አባባ" ብሎ በእግሩ ሄደ።

ሰዎቹ ወደየሥራቸው ሲበተኑ አባ መርፌ ሞተሩን ሊከፍቱ ቁልፍ አነሱ። ጎንበስ ሲሉ የጋዙ ሽቦ ጫፍ ከካርቡራተሩ ወጥቶ ተንጠልጥሎ አዩ። ነቅለውት ነበር፤ አልሰኩትም። እጀታው ሲዞር በሩ ዝግ ነበር። ሽቦውን ሰኩ፣ እጀታውን አዙረው በገመድ አሰሩ፣ ረገጡ። መርፌው ወጣ፣ ወጣ፣ ድሮ እሳቸው ሲነዱት ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመ።

ታዲያ ማርሚታውን ምን አቀላው? ካንዴላውን አገላብጠው ሲያዩት እንደ አመድ ነጥቷል። ነዳጅ ሲሳሳና አየር ሲበዛ እንዲህ ይሆናል። ካንዴላውንና ታንከሩን መልሰው፣ ሞተሩን አስነሥተው ካርቡራተሩ ከሞተሩ የሚጋጠምበት ላይ ዘይት ጠብ አደረጉ። ዘይቱ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ድምፁም ተለወጠ። አየር የሚሰርቀው እዚያ ነው። ፈቱት። አየር እንዳያልፍ በመሀል የምትገባው ጋስኬት ተሰንጥቃለች። የጫማ ካርቶን ናት። የቆረጧት ራሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ሰርቪስ ሲያደርጉት ብሎን ሱቁን ዘግቶ ነበርና ለጊዜው ብለው አስገቧት፣ ከዚያም ረሷት። የጫማው ቁጥር ጥጓ ላይ ይነበባል።

ካርቶኗን ኪሳቸው ከተቱ። ማን ያያል? ደህናውን ጋስኬት ከብሎን ወሰዱ። ለሟቹ ሞተር ነው ወይ ብሎ ሲቀልድ ሒሳቡን ከፍለው ወጡ። ገጥመው ዳገቱን ወጡበት፤ ማርሚታው አልቀላም። ሲመለሱ ልጃቸው ደወለች። ባሏ ዳቦውን በትከሻው እያደረሰ መሆኑን ሰው ነግሯት ብትጠይቀው፣ ሞተሩ አባባ ጋ ትንሽ ይቆያል ከማለት በቀር ምንም አልወጣውም። አባ መርፌ ሞተሩ እንደተረፈ፣ መጥቶ እንዲወስድ ነገሯት። ተርፏል ሲሉ ምላሳቸው ከበዳቸው።

አመሻሹ ላይ መጣ። ትከሻው ዱቄት ለብሷል፤ ጫማው አቧራ ጠጥቷል። ብሎንና በያጁም ከየበራቸው ብቅ አሉ። አባ መርፌ ሞተሩን ሲያስነሡለት ዳቦ አድራሹ ድምፁን ሰምቶ የአማቱን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ። ከእንግዲህ ዘይቱን እጠብቃለሁ።"

"ተማር" አለው ብሎን።

አባ መርፌ ክንዱን ይዘው አሮጌ ጎማ ከተከመረበት ጓዳ አስገቡት።

"ዘይት ጎድሎበት ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ታዲያ ምን ይቅርታ ያስጠይቅሃል?"

ትከሻው ላይ ያለውን ዱቄት አራገፈ።

"ጠዋት ሽቦው አልተሰካም ነበር" አሉ፤ ድምፃቸው ለራሳቸውም አልተሰማቸውም።

"አውቃለሁ። እጀታው ባዶ ዞረብኝ።"

"እና ዝም አልክ?"

"ሰው ነበረ እኮ አባባ።"

ፊታቸውን ወደ ጎማው አዞሩ። እሳቸው ያንን ሁሉ የተናገሩት ሰው ስለነበረ ነው፤ እሱ ዝም ያለው ሰው ስለነበረ ነው። መሬት ብትውጣቸው በወደዱ።

ጌጁን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ጋር አንሥተው ወጡ። ሁለቱን ሰዎች በእጃቸው ጠሩ። ካንዴላውን ፈቱ፣ ሽቦውን ነቀሉ፣ ብሎንን እጀታውን አዙር አሉት።

"ባዶ ነው የሚዞረው" አለ ብሎን።

"ጠዋትም ባዶ ነበር። የነቀልኩት እኔ ነኝ።" ካርቶኗን ከኪሳቸው አውጥተው መቀመጫው ላይ አኖሩ። "ማርሚታውን ያቀላችውም ይቺ ናት። እሷንም የከተትኳት እኔ ነኝ።"

ብሎን አንሥቶ አገላበጣት። ቁጥሩን አነበበ፤ ወደ እግራቸው አየ። "ቁጥሩም የእርስዎ ነው" አለ። ቀልድ መሆኑ ነበር፤ ማንም አልሳቀም፣ ራሱም ተጸጸተ።

አባ መርፌ ሽቦውን ሰኩ፤ ብሎንም እጀታውን እስከ መጨረሻው አዙሮ እንዲይዝ አዘዙት። ጌጁን አሰሩና ዳቦ አድራሹን ጠርተው በቱቦው ጫፍ ያለውን ባለ መርፌ ሰዓቱን እጁ ላይ አስቀመጡለት። እሱም እንዳይወድቅበት እንደ እንቁላል ያዘው።

ረገጡ። ደግመው ረገጡ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ አለ።

"የት ቆመ?"

ዳቦ አድራሹ ከፍ ብሎ መቆሙን በለሆሳስ ነገራቸው።

"ጮክ በል" አሉት መሬት መሬቱን እያዩ። "በያጁ አልሰማም።"