ሁለት የበርበሬ መደብ

አማቴ ሃሊማ የበርበሬ ችግኝ ሲያጠጡ ያያቸው ሰው እሳት የሚያጠፉ ይመስለዋል። በየማታው እንስራ ሙሉ ይደፉበታል። ችግኙ በቀለልን ብለን ሳንጨርስ ግንዱ ከሥሩ ይጠቁርና ይተኛል። እኔ «ውሃው በዝቶበት ነው» እላለሁ፤ እሳቸው «አንሶት ነው» ይላሉ። ሁለታችንም ግትሮች ነን፤ ማን ይመለስ?

እንዲህ ስንነታረክ ችግኙ አልቆብን ከእንሴኖ ገበያ መግዛት ልማድ ሆነ። በመጨረሻ የባሌን አባት ሙስተፋን መረራቸው። ጊዜው የጃንሆይ ነው፤ መሬት ያለው ሰው ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ቁጭ ይላል። «ዘንድሮም ከጠፋ ማሳውን ለጎረቤታችን ለከማሉ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ይረሰው» አሉ። ባሌ ሽፋ መርካቶ ነው የሚነግደው። ያ ማሳ ከእጄ ከወጣ እዚህ ቡታጅራ ምን ይዤ ልቀመጥ ነው? በጣም ፈራሁ።

«እማማ፣ ጭቅጭቁን ትተን ለምን አናየውም?» አልኳቸው። ሁለት መደብ ጎን ለጎን ሠራን። ዘሩ ከአንድ ቋጠሮ፣ ፍጉ ከአንድ ክምር፣ ጥላውም ያው የእንሰት ቅጠል። ውሃው ብቻ ይለያይ ተባባልን። የእሳቸው በየማታው ይጠጣል፤ የእኔ ጣቴን አፈሩ ውስጥ ስከት ደረቅ ሆኖ ካገኘሁት ብቻ። አንዳችን የሌላችንን መደብ ላንነካም ማልን። ሙስተፋም «መደቧ የበለጠላት ማሳውን ትያዝ፤ ሁለቱም ከጠፋ ለከማሉ ነው» አሉን።

የእሳቸው እንደ ልማዱ መተኛት ጀመረ። የእኔ ግን ግራ አጋባኝ፤ በአንደኛው ጫፍ ለምለም፣ በሌላው አጭርና ቢጫ። ዘሩ አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ የማጠጣውም እኔው! ጣቴን ወደ ለምለሙ ጫፍ ብሰድ፣ ሳላጠጣው ርጥብ ነው። አማቴን ጠረጠርኩ። ሥራዬን ትቼ መደቡን መጠበቅ ያዝኩ።

የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር፣ ሲደርስ ሙስተፋ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መጡ። ከመደቤ ጫፍ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ለሶላት ይታጠቡ ጀመር። የውዱእ ውሃ እግር እንዲረግጠው አይወዱም፤ ንጹሕ ቦታ፣ ተክል ሥር ነው የሚያፈሱት። ለካ በየሶላቱ እንዲህ ሲያደርጉ ከርመዋል! እኛ ሁለታችን ስንምል እሳቸውን ማን አስማላቸው? ሳቄ መጣ።

ውሳኔ የሚሰጡ ዕለት ሙስተፋ ለምለሙን ጫፍ አይተው «በቃ፣ የሳፊያ መደብ በለጠ» አሉ። ዝም ብል ማሳው የእኔ ነበር። ግን ነገሩን የማወቅ ፍላጎቴ አላስቀምጥ አለኝ።

«አባባ፣ የእኔ ያ ቢጫው ነው። ለምለሙ እርስዎ ሲታጠቡ የጠጣው ነው። የእማማ በዝቶበት ወደቀ፣ የእኔ አንሶት ቀጨጨ። የእርስዎ ጥቂት ጥቂቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚደርሰው ይሁን፣ ወይስ በበረካው ይሁን፣ አላወቅኩም። ሌላ መደብ ሠርተን ካላየነው አይታወቅም።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ አማቴ አፋቸውን ይዘው።

ሙስተፋ ወደ ከማሉ ቤት አቀኑ። አለቀልኝ አልኩ። በገዛ አፌ ማሳዬን ሰጠሁ ብዬ መደቡ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሲመለሱ «ከማሉን ሌላ መሬት ፈልግ አልኩት» አሉ።

«ለምን አባባ? አልበለጥኩም እኮ።»

«ከማሉ ስለ በርበሬ የማላውቀው የለም ይለኛል። ሃሊማም እንደዚያው ትለኛለች። አላወቅኩም ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ለምለሙን ማሳው ላይ ትከይ፤ ያልሽውንም መደብ ሥሪ።»

እንባዬን ሳልጠርግ መቆፈሪያ ልፈልግ ተነሳሁ። አማቴ ቀድመውኛል፤ አፈሩን ማለስለስ ጀምረዋል። ቀና ሳይሉ፣ ቀስ ብለው፣

«ለዚህኛውስ ስንት ጣሳ ላድርግለት?» ሲሉ ጠየቁኝ።