ቱቦው ውስጥ የቀረው ቁርስ

ማርሊስ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ይዛ ደረጃውን ስትወጣ አባቷ የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሞ መንገዱን ዘጋባት።

«ሲንኩን ተይው ብዬሻለሁ እኮ» አላት። «ነገ ራሴ እሠራዋለሁ።»

«ከሰኞ ጀምረህ ነገ፣ ነገ እያልክ ይኸው ሐሙስ ሆነ። ዞር በል አባዬ፣ እንዳላቃጥልህ።»

ኡርሆ ዞር አለ። ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። በአሜሪካዋ ዱሉዝ ወደብ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የብረት ማዕድን መርከብ ላይ ሲጭን የኖረ፣ ለማንም መንገድ ለቅቆ የማያውቅ ሰው ነበር። ዘንድሮ ግን የሱፍ ሹራቡ ሰው የለበሰው ሳይሆን ሚስማር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ማርሊስ ይህን አይታዋለች። እርጅና ነው ብላ አለፈችው እንጂ።

ያን ቀን ቤት የዋለችው በብርዱ ምክንያት ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ ስለገባ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ እሷ የምትነዳው የተማሪዎች አውቶቡስም ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ሌላ ጊዜ ሳይነጋ ተነስታ የአባቷን የአጃ ገንፎ ትሠራና፣ ከድና አልጋው አጠገብ አስቀምጣለት ትወጣለች። ጉልበቱ ደረጃ መውረድ ከከለከለው ቆይቷል። ስትመለስ ሳህኑ ታጥቦ፣ ተወልውሎ ይጠብቃታል። «አባቴ እንኳን ሥራ አያበዛብኝም» ትል ነበር ለባልደረቦቿ።

ሲንኩ ግራጫ ውሃ አቁሯል፤ ይሸታል። በዚህ ብርድ የሰው ሁሉ ቧንቧ እየፈነዳ፣ ለአንድ ሲንክ ብሎ የሚመጣ ሠራተኛ አይገኝም። ማርሊስ የተጠራቀመውን ውሃ በኩባያ ቀድታ ጨረሰችና አንድ ኩባያ ቤኪንግ ሶዳ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀች። ከላዩ አቼቶ ስታፈስበት አረፋው እየተንፈቀፈቀ እስከ አፉ ወጣ። በጨርቅ ደፍና ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቀች፤ ከዚያ የፈላውን ውሃ ለቀቀችበት።

ውሃው ትንሽ ዝቅ አለና ቆመ። ደግማ ሞከረች። ያው ነው። የልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ አቃንታ ብትሰድ ጫፉ ላይ ነጭ፣ ሙጫ መሳይ ነገር ተለጥፎ ወጣ።

«አባዬ፣ እዚህ ውስጥ ምን ደፍተህበታል?»

ኡርሆ ክፍሉ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

ከሲንኩ ሥር ተንበርክካ ባልዲ ደቀነችና የተቆለመመውን ቱቦ በፒንሳ ፈታችው። መጀመሪያ ጥቂት ውሃ ወረደ። ቀጥሎ የቱቦውን ቅርጽ እንደያዘ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ነገር ዱብ አለ። የተጋገረ አጃ ነው። በመሃሉ ሩዝ አለበት። የእሑዱ የዶሮ ሥጋ አለበት። ካሮትም አለበት፤ አባቷ እንዳያስቸግረው ብላ በገዛ እጇ አድቅቃ የከተፈችው ካሮት። ውሃ ወስዶት የተጠራቀመ አይደለም፤ በጣት እየተገፋ የተጠቀጠቀ ነው።

ባልዲውን ይዛ ክፍሉ ገባችና እግሩ ሥር አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«አጃ ነው።»

«አጃ መሆኑንማ አይቻለሁ!»

«ገንፎሽ ሲሚንቶ ነው፣ ማርሊ» አለ ሊያስቃት ፈልጎ። «ወደቡን ይጠግን ነበር።»

አልሳቀችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ኡርሆ ጉልበቱን አሸት፣ አሸት አደረገ። «ከኅዳሩ የምስጋና በዓል ወዲህ። የዚያን ለታ ሥጋው አንቆኝ ነበር። አንቺ ኩሽና ነበርሽ።»

«ሁለት ወር? ሁለት ወር ሙሉ ምን በልተህ ነው የኖርከው?»

«ወተት። አንቺ የምታመጪልኝ ወተት ይወርዳል። አይስክሬምም ቀስ ካልኩበት ይወርዳል። ሌላው ግን እዚህ ጋ ይቆማል።» ከጉሮሮው ዝቅ ብሎ በጣቱ ነካ።

ማርሊስ ቦታውን ታውቀዋለች። እናቷም ልክ እዚያ ጋ ነበር በጣቷ የምታሳየው።

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ ልጅህ አይደለሁም?»

«ልጄ ስለሆንሽ ነዋ።»

«ይሄ መልስ ነው አባዬ?»

«የእናትሽን አይተሻል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሆዷን ቀድደው የምግብ ጎማ ሰደዱባት። አምስት ወር! አንድ ሰው እንኳን ‹ኤልና፣ ይሄን ትፈልጊያለሽ ወይ?› አላላትም። አፍ ነበራት እኮ። ጆሮም ነበራት።»

«‹አድርጉላት› ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች ማርሊስ።

«አንቺ ነሽ። እኔም አጠገብሽ ቆሜ ዝም አልኩ። አልወቅስሽም፤ እንድትኖር ብለሽ ነው።»

ማርሊስ ለስምንት ዓመት ይህን ነገር ማንም እንዳያነሳባት ስትጸልይ ኖራለች። ይኸው ተነሳ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ኡርሆ ግን የፈራው በሽታውን ሳይሆን መድኃኒቱን ነበር።

ታች ወርዳ እጇን ታጥባ ስትመለስ ስልኳን አወጣች።

«አልሄድም» አለ ኡርሆ።

«እሺ።»

«ጎተራ ሙሉ ሐኪም ብታመጪ አልሄድም።»

«ሰምቻለሁ አባዬ።»

ስልኩ ሦስቴ ጠርቶ የክሊኒኩ ቀጠሮ ተቀባይ ልጅ አነሳች። ማርሊስ የአባቷን ስምና የልደት ቀን ነገረቻት።

«እሺ፣ ታማሚው ምንድን ነው የሚሰማቸው?» አለች ልጅቷ።

የምትለው ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። መዋጥ አልቻለም፣ አጥንቱ ቀርቷል፣ እናቴም በዚሁ ነው የሞተችው፣ ዛሬውኑ አምጪው በሉኝ፣ የሚደረገውን ሁሉ አድርጉለት። አባቷን አየችው። አንገቱን ደፍቶ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ትንፋሹን ይዟል።

«ሃሎ? አለሽ እህቴ?»

«አለሁ» አለች ማርሊስ። «አንድ ጊዜ ቆዪኝ፤ የሚሰማውንም የሚፈልገውንም ራሱ ይነግርሻል።»

ስልኩን መዳፉ ላይ አኖረችለት። ኡርሆ መጀመሪያ ስልኩን፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ ደግሞ ስልኩን አየ። ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ጆሮው አስጠጋው። ማርሊስ በእጇ አፏን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።